የፍልሰታ ስፌት

ሐምሌ 26፣ 1979። እሑድ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

ክንዴ ዝሏል። ዛሬም ብረት ይዤ ዋልኩ። አልጋው ከራስጌው ዝቅ፣ ከእግርጌው ከፍ ብሏል፤ ሕመምተኛዋ ቁልቁል ተንጋላለች። ዶ/ር ዑስማን በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይሰፋሉ። እኔ ጎባጣውን ብረት ወደ ታች ስቤ መንገድ እከፍትላቸዋለሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል። እሳቸው ምንም አይሰሙም። ስንጨርስ ልብሴ ከጀርባዬ ተጣብቋል።

ደብተሬ፣ ነገሩን አንዴ ልጻፈውና ይውጣልኝ። ምጥ ሲበዛ የሕፃኑ ራስ የእናቲቱን ፊኛ ከአጥንቷ ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። ሥጋው ይሞታል። ይበሳል። ከዚያ ወዲያ ሽንቷ ያለ ፈቃዷ፣ ያለ ዕረፍት ይፈሳል። ሕፃኑም አብዛኛውን ጊዜ አይተርፍም። ጎንደር ስማር ፊስቱላ አንዲት ገጽ ነበረች፤ መምህሩም ቶሎ ገለጧት። እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ግን አንድ ሙሉ ክፍል ነው፤ ግማሹ የእኛ አገር ሴት።

ዶ/ር ዑ. ሲታጠቡ፣ ከዒድ በኋላ አንዷን አንቺ ትሰፊያለሽ አሉኝ። እንደ ቀልድ። ታጥቤ የጨረስኩትን እጄን እንደገና ታጠብኩ።

ሐምሌ 29። ረቡዕ፣ ረፋድ

ዒድ ነው። ከተማው በሙሉ በግ ያርዳል። የክፍላችን ነርስ ሲ/ር አምና ቤቷ ጠራችኝ። ከሥጋው ይልቅ ፊኛውን እንደምፈልግ ስነግራት፣ እናቷ ሐበሻ ይህንንም ይበላል እንዴ ብለው ጠየቁ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። ከሳቅኩ ስንት ጊዜዬ ነው።

የጎረቤቱን ፊኛ ሁሉ በሳህን ሰብስባ ሰጠችኝ። የዶ/ር ዑ. መላ ነው። የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ግርጌ ላይ የበግ ፊኛ ይወጠራል፣ ይበሳል። ከዚያ በረጅም መርፌ መያዣ ከላይ ገብተሽ ትሰፊዋለሽ። ሰማያዊ ቀለም የገባበት ውሃ ትሞይበታለሽ። ካላፈሰሰ ሰፍተሻል።

የመጀመሪያው አፈሰሰ። ሁለተኛውም። ጣቴ ሰማያዊ ሆነ። ከብዙ ልፋት በኋላ አንዱ ያዘ። በደስታ ዘልዬ ስነሣ ቆርቆሮውን ደፋሁት። ጅል!

ሐምሌ 30። ሐሙስ

የእኔዋ ታወቀች። ማንጠግቦሽ ትባላለች። የመተማ ቆላ ሰው። ባለፈው ዓመት ከባሏ ጋር ለሰሊጥ አረም ወደዚህ ተሻገረች። ምጥ የያዛት እርሻው መሐል ነው። ጭቃው መኪና አላሳልፍ አለ። በትራክተር ጎትተው ሲያደርሷት ልጁ ሞቷል። ባሏ ኒው ሀልፋ ከተማ ሥራ ልፈልግ ብሎ እንደወጣ ቀረ። አትረግመውም። ይኼን ሽታ ማን ይችላል ትላለች።

ከክፍሉ ውጭ ጆንያ አጥፋ ነው የምትቀመጠው። ግቢ ስላት፣ "የደጅ ሰው ነኝ እትዬ፣ አንቱ ይግቡ፣ እኔ ለምጃለሁ" አለችኝ። ስደተኛው በሠራው ቤተ ክርስቲያንም ከቅጥሩ ውጭ ነው የምትቆመው። ከዳንሽ ምን ትፈልጊያለሽ ብዬ ጠየቅኳት። ባል አላለችም፣ ልጅም አላለችም። ቅጥሩን አልፎ መቁረብ።

ዶ/ር ዑ. መረመሯት። የመጀመሪያው ስፌት ዋናው ዕድሏ ነው አሉኝ። ከከሸፈ ጠባሳው ይበዛል፣ ሁለተኛው ይከብዳል። በእጄ ከደረቀች ግን ከዚያ ወዲያ ብቻዬን እሠራለሁ። ይህ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም። ደርጎች ቤታችንን ሲፈትሹ በጓሮ ወጣሁ፤ የሕክምና ወረቀቴ ጎንደር ቀረ። እዚህ ሐኪም ነሽ የሚለኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። እንግዲህ እጄ ይመስክር።

ነሐሴ 1። ዓርብ

ፍልሰታ ገባ። እኔ ጠዋት ፉል በዳቦ በላሁ። ልጆች ሳለን ማን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ ሳይቀምስ እንደሚቆይ እንፎካከር ነበር። ታናሽ ወንድሜ ከጓዳ ተደብቆ ውሃ ሲጠጣ ይዤው ለሰፈሩ ልጆች አወራሁበት። እሱን ከወሰዱት ወዲህ ጾም ተውኩ። ከማን ጋር እንደተኳረፍኩ አላውቅም። ፉሉ ጨው በዝቶበታል።

ነሐሴ 3። እሑድ፣ ቀትር

ሰፋሁ!

ዛሬ በርጩማው ላይ እኔ ነኝ። ብረቱን ዶ/ር ዑ. ያዙልኝ። ጠባሳውን ከፊኛዋ ላላ አድርጌ ለየሁት። ክር በክር ዘጋሁት። ማንጠግቦሽ ከወገቧ በታች ደንዝዛለች እንጂ ነቅታለች፤ ቁልቁል እንደተንጋለለች ማርያም ማርያም ትላለች። ሰማያዊውን ውሃ ፊኛዋ ውስጥ ሞላን። ነጭ ጨርቅ ከታች አደረግን። ጠበቅን። ጨርቁ ነጭ እንደሆነ ቀረ።

ዶ/ር ዑ. ማሻአላህ አሉ። ለሰው የማይሉት ቃል ነው። ወጥቼ ከጓሮ ዝናቡ ውስጥ ቆምኩ። ወንድሜ ቢያየኝ ብዬ አለቀስኩ።

ነሐሴ 4። ሰኞ፣ ጠዋት 1 ሰዓት

ደረቅ! አንሶላውን በመዳፏ ትዳብሰዋለች። ታነሣዋለች፣ ታሸትተዋለች። እኔን አላየችኝም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ እመቤቴን ታነጋግራለች።

ሕጉን ደጋግሜ ነገርኳት። ከፊኛሽ ቱቦ ወጥቷል፣ ከአልጋው ሥር ባልዲ ውስጥ ይፈስሳል። ስፌቱ እስኪጠና ቱቦው መፍሰስ አለበት። እንዲፈስ ከጠዋት እስከ ማታ ውሃ ጠጪ። ካልጠጣሽ ሽንቱ ይወፍራል፣ ቱቦው ይደፈናል፣ ፊኛሽ ይነፋል፣ ስፌቱ ይበጠሳል። በየጊዜው ራሷን ነቀነቀች። እሺ እትዬ፣ እሺ። ማሰሮ ሙሉ ውሃ ከራስጌዋ አስቀመጥኩላት።

ነሐሴ 6። ረቡዕ

ማሰሮው ባዶ፣ ባልዲው ሙሉ። ሽንቷ የዝናብ ውሃ ይመስላል። ዶ/ር ዑ. እንዲያዩት ባልዲውን ራሴ ተሸክሜ ወሰድኩ። እንዲህ ነው ጠጪ አሉ። ኩራቴ ጣራ ነካ። በሽንት የሚኮራ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ፣ ደብተሬ?

ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ሙቀቱ ነው። ቫዝሊን ቀባኋት።

ነሐሴ 8። ዓርብ፣ ጠዋት

ጠዋት ዙር ላይ ኩባያ ሞልቼ ሰጠኋት። ኋላ እጠጣዋለሁ አለች። አሁን አልኳት። ኮሶ የሰጠኋት ይመስል ኩባያውን አየችው። ቆሜ ጠበቅኳት። ጠጣችው፤ እንባዋ እየወረደ። ስፌቱ አሟት ይሆናል ብዬ ማስታገሻ አዘዝኩ።

ነሐሴ 10። እሑድ፣ ጠዋት

አንሶላው ርሷል።

እምብርቷ ሥር እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። ቱቦው አንዲት ጠብታ የለውም። በመርፌ ውሃ ገፋሁበት፣ አሸዋ የመሰለ ነገር መጣ፤ ከዚያ የደፈረሰ፣ እንደ ሻይ የጠቆረ ሽንት። ፊኛዋ ጎደለ። ከታች ግን መፍሰሱን አላቆመም። እሷ ዓይኗን ጨፍናለች።

ባልዲውን አየሁ። ባልዲው ውስጥ ያለው ጥርት ያለ ነው። ከፊኛዋ የወጣው ጥቁር፣ ባልዲው ውስጥ ያለው ጥርት ያለ። ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት። ውሃ ነው። የማሰሮው ውሃ።

ከቀኑ 9 ሰዓት

ሲ/ር አምና ታውቅ ነበር። ማንጠግቦሽ አንሶላው ደርቆ ባደረበት ጠዋት ጀምራ ስትጾም ነበር። እንደ አገሯ ሰው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውሃም የለም። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላም ቢሆን ጉሮሮዋን ከማርጠብ በላይ አትጠጣም፤ ፊስቱላ የያዘው ሰው ውሃ ይፈራል። እኔ እንዳልቆጣ የጠዋቱን ውሃ ባልዲው ውስጥ ትደፋዋለች። ሲ/ር አምና አንድ ቀን ስትደፋ አየቻት። ማንጠግቦሽ ከትራሷ ሥር የማርያምን ሥዕል አውጥታ አሳየቻት፣ መዳፏን አፏ ላይ አደረገች። አምናም ገባት። ጾመኛን ጠጪ ማለት በእኛ ነውር ነው አለችኝ። እንዲያውም ማሰሮው ባዶ ሲሆን እየሞላች ሰጠቻት።

ጮኽኩባት። ግቢው ሰማኝ። ግን በረመዳን አንዱን ጾመኛ ባየው እኔስ ምን አደርግ ነበር? እሷ እስላም ናት፣ ጾሙን አከበረች። እኔ የጎንደር ልጅ ነኝ፣ ፍልሰታ ገባ ብዬ በእጄ ጽፌያለሁ። ሆስፒታል ውስጥ ማን ይጾማል ብዬ አልጠየቅኳትም።

ነሐሴ 11። ሰኞ

ለዶ/ር ዑ. ሁሉንም ነገርኳቸው። ስፌቱን አይቼዋለሁ፣ ስፌቱ ደኅና ነበር፤ ይህ በአንቺ አይቆጠርም አሉ። ቱቦው ይቆይ፣ አልፎ አልፎ ራሱ ይገጥማል፣ ፍልሰታችሁ እስኪያልቅ እንጠብቅ።

አሁን ትጠጣለች። ያለ ክርክር፣ ኩባያ በኩባያ። ጾሙ ከፈረሰ ምን ቀረኝ ብላ።

ነሐሴ 12። ማክሰኞ

አነጋገርኳት። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

መጾሟ ስለት ነው። ካደረቅሽኝ ፍልሰታሽን እንደ ጤነኛ እጾምልሻለሁ ብላ ተስላለች። ደረቀች፣ መክፈል ጀመረች። ሰው ስለቱን ለነገ ያሳድራል እንዴ ትለኛለች። እና ስለቱን ያፈረሰችው መቼ እንደሆነ ታውቃለች። ዓርብ ጠዋት። እኔ ቆሜ ያጠጣኋት ኩባያ። ከዚያ በሦስተኛው ቀን ፈሰሰች። እመቤቴ ሰጥታ ነሣችኝ፣ እውነቷን ነው ትላለች።

እውነቱን ልነግራት ሞከርኩ። ኩባያው አይደለም ማንጠግቦሽ፣ ውሃ ማነሱ ነው፣ ቱቦው የተደፈነው ባለመጠጣትሽ ነው አልኳት። ጣቷን ታሻሸች። ከዚያ፦

"እመቤቴን ላመስግን ብዬ የጾምኩት ነው የበጣጠሰኝ? እንግዲያማ ጠልታኛለች።"

ፊቷ ጠፋ። ሌላ ቃል የለኝም፤ ፊቷ ጠፋ። አይ፣ እንዲያ ማለቴ አይደለም አልኩ። እኔም በደንብ አላወቅኩትም አልኩ። ሐኪም ካላወቀው የእመቤቴ ሥራ ነው አለችና ተከናነበች።

ነሐሴ 13። ረቡዕ

ዶ/ር ዑ. ካልገጠመ ሦስት ወር አርፋ እንደገና ትሰፋለች አሉ። ተረጎምኩላት። አይሆንም። እመቤቴ ያልፈቀደችውን በሰው እጅ አላስነካም አለች። መንገዱ ሲደርቅ ከሰሊጥ አጫጆቹ ጋር ወደ መተማ ትመለሳለች። እዚያም ቤተ ክርስቲያን አለ፣ እዚያም ደጅ አለ።

ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ከዚህ ወዲያ ስንት ዓመት ደጅ ልትቀመጥ ነው? በንዴት ጥርሴን ነክሼ ወጣሁ። በእሷ ይሁን፣ በእኔ፣ በማን እንደተናደድኩ እንጃ።

ነሐሴ 14። ሐሙስ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

የስደተኛው ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ቄስ አዳነ ዘንድ ሄድኩ። ቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ የዝናብ ውሃ በአካፋ ቦይ ሲያስይዙ አገኘኋቸው። ከቅዳሴ ገና መውጣታቸው ነው። ከስንት ዓመት በኋላ ቄስ ፊት ስቆም አፈርኩ። እሳቸውም አልጠየቁኝ።

ለሕመምተኛ ጾም የለም፣ ጠይቃኝ ቢሆን እፈታት ነበር አሉ። አልጠየቀቻቸውም፤ ጠይቃ ቢከለክሏት ስለቷ ይቀራል። ዳግመኛ ከተሰፋች ራሳቸው መጥተው ንስሐ ይሰጧታል፤ ንስሐው ውሃ መጠጣት ይሆናል፣ ከጠዋት እስከ ማታ። እንዲያ ከሆነ አታፈርሰውም አሉ። ሳቅ አልኩ። ግን አስቀድማ መሰፋቱን እሺ ማለት አለባት። እግዚአብሔር መሐሪ ነው ብለዋታል። ሰው ለቄስ እንደሚነቀንቅ ራሷን ነቀነቀች እንጂ አላመነችም።

ጥፋቱ የሰው ቢሆንስ ብዬ ጠየቅኳቸው። የማርያምም ያልሆነ፣ የእሷም ያልሆነ፤ የሌላ ሰው ቢሆን?

አካፋቸውን ተደግፈው ብዙ አዩኝ። ልጄ፣ እኔ ይህን አልሰማሁም አሉና ወደ ቦያቸው ጎነበሱ።

ነሐሴ 16። ቅዳሜ

የፍልሰታ በዓል። ቱቦውን አወጣን። አልገጠመም።

ማንጠግቦሽ ጆንያዋን ይዛ ወደ ደጅ ወጣች። ማንም አላዘዛትም። የከበሮው ድምፅ እስከዚህ ይሰማል። ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ድምፁ ዞራ ተቀመጠች። ከመስኮቱ ሆኜ አየኋት።

ከሠራሁት ሁሉ የሚያኮራኝ አንድ ነገር ነው፤ ያ ስፌት። ነጩ ጨርቅ ነጭ ሆኖ የቀረበት። ነገ ለእሷ እሰጠዋለሁ።

ነሐሴ 17። እሑድ፣ ረፋድ

ነገርኳት። ከአጠገቧ መሬት ላይ ተቀምጬ። ስፌቱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ አልኳት። የመጀመሪያዬ ነበር፤ ክሩን አላጠበቅኩትም፤ ደንግጬ ደበቅኩሽ። ብትጾሚም ባትጾሚም ይፈታ ነበር።

እጆቼን አየች። አገላብጣ አየቻቸው።

"የዓርቡ ውሃ አይደለም?"

አይደለም።

"እመቤቴ አይደለችም?"

አይደለችም። እኔ ነኝ።

ያኔ አለቀሰች። ከወለደች ጀምሮ ያጠራቀመችውን ሁሉ። እኔን አልሰደበችኝም፣ ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። ስትጨርስ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠርጋ፣ በዝግታ፣ እንዳላስቀይም እየተጠነቀቀች ጠየቀችኝ፤ ዐረቡ ሐኪም በእጃቸው ይሰፉኝ ይሆን?

ይሰፉሻል አልኳት።

ነሐሴ 19። ማክሰኞ

ወሬ ክንፍ አለው። ተራ የሚጠብቁ ሁለት የእኛ ሴቶች በአምና በኩል ለዶ/ር ዑ. አስነገሩ፤ ልጅቷ እንዳትነካን፣ እርስዎ ይስፉን። እሳቸው ነገሩን ሲያጣሩ ደረሱበት። እንዲህ ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም። ያስተማርኩሽን ስፌት አዋረድሽው፤ አሁኑኑ ገብተሽ እውነቱን ንገሪያቸው አሉ። ለእነሱ የነገርኩት ወዲያው ማንጠግቦሽ ጆሮ ይደርሳል አልኳቸው። እንግዲያው ከሐበሾቹ ማንንም አትሰፊም፣ ወደ ብረትሽ ትመለሻለሽ፤ እስከ መቼ እንደሆነም አላውቅም አሉኝ። ማስፈራሪያ አልነበረም። አዝነው ነው።

እሺ አልኳቸው። አልነግራቸውም። ቆርጫለሁ። ወደ ክፍሌ ስገባ ግን የዱቄት ወተቱን ቆርቆሮ በእግሬ መታሁት። አሞኛል፣ ደብተሬ። አሞኛል፣ ምን ልበልሽ።

ነሐሴ 20። ረቡዕ፣ ጠዋት

ማንጠግቦሽ እስከ ኅዳር ከአንዲት የአገሯ ሴት ጋር ቱነይድባ ስደተኞች ጣቢያ ልትቆይ ዛሬ ወጣች። ቀጠሮዋ ከጽጌ ጾም በኋላ፣ የነቢያት ከመግባቱ በፊት ነው። ቄስ አዳነ ያውቃሉ። ዶ/ር ዑ. ይሰፏታል፣ እኔ ብረቱን እይዛለሁ።

ልትሰናበተኝ መጣች። አንቱታውን ትታዋለች። እጄን ይዛ አልለቅ አለች። አልከፋብሽ እህቴ አለችኝ፤ እጅ ነው፣ ይለምዳል፤ እኔም ስፈትል መጀመሪያ ክር ይበጠስብኝ ነበር። ስለት ተስላልኛለች። የመጪውን የጽጌ ጾም፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ለእኔ እጅ ልትጾም ነው።

ተይ ልላት አፌን ከፈትኩ። ዓይኗ ብሩህ ነው።

እሺ፣ ጹሚልኝ አልኳት።